ሙቀት የሚያሳልፍ የፒስተን ፋሻ፦ ስቲሉ ለምንና እንዴት ተቀየረ?

ቤንዚን ሲሊንደር ውስጥ ሲቃጠል የነበልባሉ ሙቀት ለቅጽበት ከ2000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይበልጣል። ከነበልባሉ ሥር ያለው ፒስተን ደግሞ የተሠራው ከአሉሚኒየም ቅይጥ ነው። ይህ ቅይጥ 570 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መቅለጥ ይጀምራል። መቅለጡ እንኳ ሩቅ ነው፤ ገና 300 ዲግሪን ሲያልፍ ጥንካሬው ክፉኛ ይወርዳል። ታዲያ መኪናችን አዲስ አበባን ለቃ አዳማ ደርሳ ስትመለስ ፒስተኑ ለምን አይቀልጥም?

አንደኛው ምክንያት የነበልባሉ ዕድሜ አጭር መሆኑ ነው። ሞተሩ በደቂቃ 3000 ዙር ሲዞር አንድ ሲሊንደር በሰከንድ 25 ጊዜ ያቃጥላል። በየመሀሉ አዲስ አየርና ነዳጅ እየገባ ትንሽ ያቀዘቅዘዋል። ይህ ብቻውን ግን አይበቃም። ፒስተኑ የሚድነው የተቀበለው ሙቀት መውጫ መንገድ ስላለው ነው። ሙቀቱ ወደ ሲሊንደሩ ግድግዳ ይሻገራል፣ ከግድግዳው ወደ ራዲያተሩ ውሃ፣ ከውሃው ወደ አየር።

ፒስተኑና ግድግዳው ግን ላይኛው ጫፍ አካባቢ አይነካኩም። በመካከላቸው ክፍተት አለ። ሙቀቱን የሚያሻግሩት በጋራዥ ፋሻ ወይም ሪንግ የምንላቸው ቀለበቶች ናቸው። ከሥሩ ዘይት የማይረጭበት ፒስተን ከሆነ፣ ከሚያስወግደው ሙቀት ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ የሚወጣው በፋሻ በኩል ነው። ትልቁን ድርሻ የሚሸከመው ደግሞ የላይኛው ፋሻ ነው። ዛሬ ብዙ ትናንሽ የቤንዚን ሞተሮች ላይ ይህ ፋሻ ከፍታው 1 ሚሊ ሜትር፣ ቢበዛ 1.2 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ያ ሁሉ ሙቀት በዚህች ቀጭን ብረት ውስጥ ማለፍ አለበት።

ስለዚህ ፋሻው የተሠራበት ብረት ሙቀት በደንብ ማሳለፍ አለበት። በዚያው ሙቀት ውስጥ እየኖረም መልፈስፈስ የለበትም። ሁለቱን በአንድ ብረት ማግኘት የብረት ባለሙያዎችን ለዓመታት ያለፋ ጉዳይ ነው። ምክንያቱም ብረትን ለሙቀት የሚያጠነክሩት ቅመሞች፣ ማለትም እንደ ክሮሚየምና ሲሊከን ያሉ የሚጨመሩበት ንጥረ ነገሮች፣ ራሳቸው ሙቀት እንዳያልፍ ያግዳሉ። ይህ ጽሑፍ የዚህ ጠብና የእርቁ ታሪክ ነው።

ፋሻ ምን ይሠራል?

አብዛኛው የመኪና ፒስተን ሦስት ፋሻ አለው። የላይኛው የእሳቱን ግፊት ይይዛል። ሁለተኛው እሱን ያግዛል፣ ዘይትም ወደ ታች ይጠርጋል። ሦስተኛው የዘይት ፋሻ ነው፤ ግድግዳው ላይ ምን ያህል ዘይት እንደሚቀር የሚወስነው እሱ ነው። ሦስቱም አንድ ቦታ ላይ የተቆረጡ ናቸው። ውጪ ስታዩአቸው አፋቸው ከፈት ብሏል። ሲሊንደር ውስጥ ሲገቡ ይጨመቃሉ፣ ከዚያ እንደ ስፕሪንግ ለመከፈት እየታገሉ ግድግዳው ላይ ይለጠፋሉ።

ይህን የተቆረጠ የብረት ቀለበት ያመጣው እንግሊዛዊው የባቡር መሐንዲስ ጆን ራምስቦተም ነው፤ በ1852 እ.ኤ.አ.። ከዚያ በፊት የእንፋሎት ሞተር ፒስተኖች የሚታሸጉት በቃጫ ገመድና በሞራ ነበር። ሐሳቡ በጣም ከመሥራቱ የተነሳ ዛሬም ድረስ በመሠረቱ አልተቀየረም። የተቀየረው ብረቱ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ፋሻው በራሱ ስፕሪንግነት ግድግዳውን የሚገፋው በትንሽ ጉልበት ነው። ነዳጁ ሲቃጠል ግን የጋዙ ግፊት በፋሻውና በፒስተኑ መካከል ሾልኮ ከፋሻው ጀርባ ይገባል። ከጀርባው ወደ ግድግዳው ይገፋዋል፤ ከላይ ደግሞ ወደ ቦዩ ወለል ይጫነዋል። ቦይ የምለው ፋሻው የሚቀመጥበትን ፒስተኑ ላይ የተቆረጠ ጎድጓድ ነው። ሙቀቱ የሚያልፈው በእነዚሁ ሁለት ንክኪዎች ነው። ከፒስተኑ በቦዩ ወለል በኩል ወደ ፋሻው የታች ጎን ይገባል። በፋሻው ውስጥ አልፎ በፊቱ በኩል ወደ ግድግዳው ይወጣል። የሚሄደው ሁለት ወይም ሦስት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ነገር ግን መንገዱ ጠባብ ነው።

ከጊዛ ወደ ስቲል

ለብዙ አሥርተ ዓመታት ፋሻ የሚሠራው ከጊዛ ነበር፤ ጊዛ ቀልጦ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ የሚፈስ፣ ካርቦን የበዛበት ብረት ነው። ዛሬም ሁለተኛው ፋሻ ብዙ ጊዜ ጊዛ ነው። ጊዛ ለዚህ ሥራ ተመቻችቶ የተፈጠረ ይመስላል። ውስጡ ያለው ካርቦን በቀጫጭን የግራፋይት ቅጠሎች ተሰራጭቷል። ግራፋይቱ ያለሰልሳል፣ ዘይት ይይዛል፣ ሙቀትም ያሳልፋል።

እዚህ ላይ ቁጥሮች ያስፈልጉናል። አንድ ቁስ ሙቀት የማሳለፍ አቅሙ የሚለካው በዋት በሜትር በኬልቪን ነው። ከዚህ በኋላ ለማሳጠር ዋት ብቻ እላለሁ። ቁጥሩ ሲተልቅ ሙቀቱ በቀላሉ ያልፋል። መዳብ 400 ገደማ ነው። ንጹህ አሉሚኒየም 237፣ ንጹህ ብረት 80 ገደማ። ግራጫው ጊዛ 50 አካባቢ ይሆናል። ለፋሻ ይህ በጣም ጥሩ ቁጥር ነው።

የጊዛ ችግር መሰባበሩ ነው። አሮጌ የጊዛ ፋሻ በእጃችሁ ጠምዘዝ ብታደርጉት ቀጭ ብሎ ለሁለት ይሆናል። ሲሞከር ዓይን መሸፈን ያስፈልጋል። የስቲሉ ፋሻ ግን ይለጠጣል፣ ይታጠፋል፣ እንደዋዛ አይሰበርም። ስቲል የመለጠጥ ግትርነቱ ከግራጫ ጊዛ ሁለት እጥፍ ገደማ ነው። ስለዚህ ቀጭን ሆኖ የወፍራሙን ጊዛ ሥራ መሥራት ይችላል።

ቀጭን ፋሻ ለምን ተፈለገ? ዋናው ምክንያት ነዳጅ ነው። ሞተር ውስጥ በፍትጊያ ከሚባክነው ጉልበት ትልቁን ድርሻ የሚወስደው የፒስተንና የፋሻ ስብስብ ነው። ፋሻው ሲቀጥንና የሚገፋበት ጉልበት ሲቀንስ ፍትጊያው ይቀንሳል። ክብደቱም ይቀንሳል። ከባድ ፋሻ በከፍተኛ ዙር ላይ፣ ፒስተኑ አቅጣጫ ሲቀይር፣ ከቦዩ ወለል ይነሳና ይርገበገባል፤ ያኔ ግፊት ያመልጣል። ቀጭኑ ይህ ችግሩ ያነሰ ነው። የላይኛው ፋሻ 2 ሚሊ ሜትር ከነበረበት ወደ 1.5፣ ከዚያ ወደ 1.2፣ ከዚያ ወደ 1 የወረደው በዚህ ምክንያት ነው።

ነገር ግን በዚህ ጉዞ ላይ የጠፋ ነገር አለ። ለላይኛው ፋሻ በሰፊው የተለመደው ስቲል 17 በመቶ ያህል ክሮሚየም ያለበት የማይዝግ ስቲል ነው። ሙቀት የማሳለፍ አቅሙ 25 ዋት ገደማ ነው። የጊዛው ግማሽ ማለት ነው። ሌላው የተለመደ ዓይነት ሲሊከንና ክሮሚየም ያለበት የስፕሪንግ ስቲል ነው፤ እሱም 31 አካባቢ ነው። ፋሻው ቀጠነ፣ የሚያልፍበትም ብረት ሙቀት የሚያግድ ሆነ። ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ሄዱ፤ ፒስተኑ በባሰ ሙቀት ውስጥ ቀረ።

ቅመሙ ለምን ሙቀት ያግዳል?

ብረታ ብረት ውስጥ ሙቀት በዋናነት የሚጓዘው በኤሌክትሮኖች ነው። ኤሌክትሪክ የሚሸከሙት እነዚያው ኤሌክትሮኖች ሙቀትንም ይሸከማሉ። ለዚህ ነው ለሽቦ የሚመረጠው መዳብ ሙቀትንም እንዲያ የሚያሳልፈው። ጀርመናውያኑ ቪደማንና ፍራንዝ በ1853 እ.ኤ.አ. ይህን ዝምድና በመለኪያ አሳይተዋል፤ ራምስቦተም ፋሻውን ባመጣ በዓመቱ መሆኑ ነው።

ንጹህ ብረት ውስጥ አቶሞቹ በሥርዓት ተደርድረዋል። ኤሌክትሮኖቹ በመካከላቸው ሲሄዱ እንቅፋቱ ጥቂት ነው። የሲሊከን፣ የማንጋኒዝ ወይም የክሮሚየም አቶም የብረት አቶም ቦታ ላይ ገብቶ ሲቀመጥ ያ ሥርዓት ይዛባል። ኤሌክትሮኑ እዚያ ቦታ ሲደርስ መንገዱን ይስታል። ሲሊከን በተለይ ክፉ ነው። በትንሽ መጠን እንኳ ሙቀት የማሳለፉን አቅም በግልጽ ይቀንሳል። ክሮሚየም በአንድ በመቶ ሲታይ ከሲሊከን ይሻላል፤ ግን 17 በመቶ ሲጨመር ድምሩ ከባድ ነው።

ቁም ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። እንቅፋቱን የሚወስነው ስቲሉ ውስጥ ምን ያህል ቅመም አለ የሚለው ብቻ አይደለም። ቅመሙ የት ተቀመጠ የሚለውም እኩል ይወስናል። ድንጋያማ ማሳ የሚያርስ ገበሬ አስቡ። ድንጋዩ በማሳው ሁሉ ከተበተነ በሬዎቹ በየእርምጃው ይደናቀፋሉ፣ ማረሻው በየክንዱ ይነጥራል። ያንኑ ድንጋይ ለቅሞ እዚህም እዚያም ቢከምረው፣ ከማሳው አንድም ድንጋይ ሳይወጣ፣ በክምሮቹ መካከል ያለው መሬት ለስልሶ ይታረሳል። ክምሩን እርከን ካደረገው ደግሞ አፈሩ እንዳይሸሽ ይይዝለታል።

ስቲል ውስጥ ክምሩን የሚሠራው ካርቦን ነው። ካርቦን ከብረት ጋር ተዋህዶ ሴመንታይት የሚባል ጠንካራ ውህድ ይፈጥራል። ክሮሚየምና ማንጋኒዝ ካርቦንን ይወዳሉ። እድሉን ካገኙ ከብረቱ አቶሞች መካከል ወጥተው ወደዚህ ውህድ ይገባሉ። ሲወጡ ቀሪው ብረት ይጠራል፤ ኤሌክትሮኖቹም መንገድ ያገኛሉ። ሴመንታይት ራሱ ሙቀት በደንብ አያሳልፍም። ግን ድቡልቡልና ጥቃቅን ሆኖ ተነጣጥሎ ከተቀመጠ ሙቀቱ ዙሪያውን ያልፋል።

ሲሊከን ግን ወደዚህ ክምር አይገባም። ሴመንታይት አይቀበለውም። ስለዚህ እሱን መቀነስ እንጂ ቦታ ማዘዋወር አይቻልም።

ጠቡ፦ ስፕሪንግነቱ እንዳይሞት

እንግዲያው ቅመሙን ሁሉ ለምን አናወጣውም? ተራ የካርቦን ስቲል 47 ወይም 50 ዋት ያሳልፋል። እሱን ብንጠቀምስ?

መልሱ ፋሻው ስፕሪንግ መሆኑ ነው። የስቲል ፋሻ ጥንካሬውን የሚያገኘው ግሎ በዘይት ተነክሮ፣ ከዚያ በልክ እንደገና ሞቆ ነው። ሁለተኛው ማሞቅ መሰባበሩን ይቀንስለታል። ነገር ግን ይህ ሂደት በፋብሪካ ብቻ አያልቅም። ፋሻው ሞተር ውስጥ ገብቶ ለብዙ ሰዓት ከሞቀ፣ ልክ ፋብሪካው ሂደቱን የቀጠለበት ያህል፣ ቀስ እያለ ይለሰልሳል። ስፕሪንግነቱን ያጣል። ግድግዳውን የሚገፋበት ጉልበት ይወርዳል። ግፊት ማምለጥ ይጀምራል፣ ዘይት ወደ ላይ ይወጣል፣ መኪናዋ ዘይት ትበላለች፣ ከጭስ ማውጫዋ ሰማያዊ ጭስ ይታያል።

ሲሊከንና ክሮሚየም ስፕሪንግ ስቲል ውስጥ የሚገቡት ይህን ለማዘግየት ነው። ሲሊከን ስቲሉ በሙቀት የሚለሰልስበትን ሂደት ያጓትታል። ክሮሚየምም የራሱን ያግዛል። ጠቡ ይሄ ነው፤ ሙቀት ያግዳል ብለን ያወጣነው ቅመም ስፕሪንጉን ሲጠብቅ የነበረው ነው።

የጃፓን የፋሻ ደረጃ ለዚህ ግልጽ ፈተና አለው። ፋሻው ሲሊንደር ውስጥ እንዳለ ተጨምቆ በ300 ዲግሪ ለ3 ሰዓት ይሞቃል። ከዚያ ስፕሪንግነቱ ምን ያህል እንደወረደ ይለካል። ለስቲል ፋሻ የሚፈቀደው 8 በመቶ ድረስ ነው። ቅመም የሌለው ስቲል እዚህ ላይ ይቸገራል።

እርቁ

መፍትሔው የመጣው ከዚያው ክምር ነው። እንደ ሪከን ያሉ የጃፓን አምራቾች ከ2010 እ.ኤ.አ. በኋላ ባስመዘገቧቸው ፓተንቶች ላይ መንገዱ በግልጽ ይታያል። ሪከን በ2023 ከሌላው የጃፓን ፋሻ አምራች ከኒፖን ፒስተን ሪንግ ጋር በአንድ ኩባንያ ሥር ገብቷል። ግባቸው 35 ዋትና ከዚያ በላይ የሚያሳልፍ፣ በሙቀትም የማይለፈሰፍስ ስቲል ነው።

መጀመሪያ የቅመሙን መጠን ይቀንሳሉ። ሲሊከን ከ1 በመቶ በታች፣ ክሮሚየምም ከ17 በመቶ ወርዶ አንድ በመቶ አካባቢ ወይም ከዚያ ያነሰ ይሆናል። ካርቦኑ ግን በርከት ይላል። ከዚያ ስቲሉ በሚገባ በተመረጠ ሙቀት ላይ ለረጅም ጊዜ ይቆያል። ያኔ ሴመንታይቱ በቅጠልና በሽፋን መልክ ከመዘርጋት ይልቅ ተሰብስቦ ጥቃቅን እንክብል ይሆናል። የአንዱ እንክብል ስፋት ከሚሊ ሜትር ሺኛ ብዙም አይርቅም፤ በማይክሮስኮፕ ካልሆነ አይታይም።

እነዚህ እንክብሎች ሁለት ሥራ ይሠራሉ። ክሮሚየምና ማንጋኒዝን ወደ ውስጣቸው ስበው ቀሪውን ብረት ያጠሩታል፤ ሙቀት ያልፋል። በዚያው ደግሞ በሙቀት ውስጥ የብረቱ ቅንጣቶች እርስ በእርስ እንዳይንሸራተቱ ቦታ ቦታቸው ላይ ቸንክረው ይይዟቸዋል። ስለዚህ ሲሊከኑ ቢቀንስም ፋሻው ስፕሪንግነቱን ቶሎ አያጣም። ለእኔ የዚህ ሥራ ውበቱ እዚህ ላይ ነው። ብርቅዬ ቅመም አልተጨመረም፣ ውድ ብረት አልገባም። ያለውን ነገር ቦታ በማስያዝ የተገኘ ነው።

ፋብሪካው ውስጥ ጉዞው ይህን ይመስላል። ስቲሉ በሽቦ መልክ ተስቦ ይቀጥናል። ተዳምጦ ቁርጡ አራት ማዕዘን ይሆናል። ግሎ ዘይት ውስጥ ይነከራል፣ መልሶ ይሞቃል። ማሽን እንደ ስፕሪንግ ይጠቀልለዋል፣ ይቆርጠዋል። ቅርጹን እንዲይዝ አሁንም ይሞቃል። ጎኖቹ ይሞረዳሉ፣ ፊቱ ይለበጣል፣ በመጨረሻ ይወለወላል። በእያንዳንዱ ማሞቂያ ላይ ሙቀቱ ከልኩ ካለፈ እንክብሎቹ መልሰው ይሟሟሉ፤ ቅመሙም ተመልሶ ይበተናል። መጀመሪያ የተደከመበት ሁሉ ይጠፋል።

ለምን ድሮ አልተሠራም?

ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። የ17 በመቶ ክሮሚየሙ ስቲል የተመረጠው ለስፕሪንግነቱ ብቻ አልነበረም። ዋናው ምክንያት ፊቱ ነበር። የፋሻ ፊት ግድግዳው ላይ ቀን ከሌት ይፋተጋል፤ ስለዚህ በጣም ጠንካራ መሆን አለበት። ይህን ለማድረግ የተለመደው ዘዴ ናይትሮጅን በጋዝ መልክ ከ500 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ወደ ስቲሉ ቆዳ ማስገባት ነው። ናይትሮጅኑ ቆዳውን የሚያጠነክረው ክሮሚየምን ሲያገኝ ነው። ክሮሚየም ካልበዛ ቆዳው የሚፈለገውን ያህል አይጠነክርም። ቅመሙ ያነሰ ስቲል ደግሞ በዚያ ሙቀት ገና ፋብሪካ ውስጥ እያለ ይለፈሰፍሳል።

ከዚያ ፒቪዲ የሚባለው ልባጥ ተስፋፋ። አየሩ በተወገደለት ክፍል ውስጥ ክሮሚየምና ናይትሮጅን በትነት መልክ ፋሻው ላይ ይለጠፋሉ። ንብርብሩ ከጥቂት ማይክሮን እስከ 30 ማይክሮን ገደማ ይሆናል፤ ማይክሮን የሚሊ ሜትር ሺኛ ነው። ከአልማዝ ጋር የሚቀራረብ የካርቦን ልባጥም አለ፤ ዲኤልሲ ይባላል። ጥንካሬው ከላይ ከተለበጠ ሥሩ ያለው ስቲል ክሮሚየም እንዲሞላ አይገደድም። ፊቱ አንዱን ሥራ ያዘ፣ ውስጡ ሌላውን። ሙቀት የሚያሳልፈው ስቲል ቦታ ያገኘው ያን ጊዜ ነው። ልባጡ በሚሠራበት ክፍልም ሙቀቱ በመቶዎች ዲግሪ ስለሚቆጠር ግን ስቲሉ ያንንም መቋቋም ነበረበት።

ምን ያህል ይጠቅማል?

ከ25 ወደ 38 ዋት መውጣት 50 በመቶ ጭማሪ ነው። ፒስተኑ ግን 50 በመቶ አይቀዘቅዝም። ፋሻው ሙቀቱ ከሚያልፍባቸው በሮች አንዱ ነው እንጂ ብቸኛው አይደለም።

ሒሳቡን እንየው። በፋሻውና በግድግዳው መካከል 3 ማይክሮን የዘይት ንብርብር አለ እንበል። የሞተር ዘይት ሙቀት የማሳለፍ አቅሙ 0.13 ዋት ገደማ ነው። ያቺ 3 ማይክሮን ዘይት ሙቀቱን የምትገታው 38 ዋት የሚያሳልፍ 0.9 ሚሊ ሜትር ስቲል የሚገታውን ያህል ነው። በዘይቱ ፋንታ ትኩስ ጋዝ ከገባ፣ ያው 3 ማይክሮን ወደ 3 ሚሊ ሜትር ስቲል ይሆናል። ፋሻው ግድግዳውን ወይም የቦዩን ወለል በደንብ ካልነካ የስቲሉ ጥራት ብዙ አይረዳም ማለት ነው። የተበላ ፋሻ፣ በካርቦን ተለጥፎ የቀረ ፋሻ፣ ወይም የተጎዳ ቦይ ያለበት ሞተር ፒስተኑን የሚያቃጥለው ለዚህ ነው።

ንክኪው ጥሩ ከሆነ ግን ስቲሉ ራሱ ከመንገዱ ትልቅ ድርሻ አለው። ፒስተኑ ላይ የሚወርደው ሙቀት በዲግሪዎች የሚቆጠር ነው። ዲግሪዎቹ ደግሞ ዋጋ ያላቸው ቦታ ላይ ናቸው።

አንዱ ማንኳኳት ነው። የፒስተኑ አናት ሲግል ነዳጅና አየሩ ካንዴላው የለኮሰው ነበልባል ሳይደርስባቸው በራሳቸው ይፈነዳሉ። ዘመናዊ ሞተር ይህን በሴንሰር ሲሰማ የካንዴላውን ብልጭታ ያዘገያል። ሞተሩ ይድናል፤ ጉልበት ግን ይቀንሳል፣ ነዳጅ ይባክናል። በትናንሽ ባለቱርቦ ሞተሮች ላይ ነገሩ ይብሳል። ከአንድ ሊትር ሞተር የድሮው 1.6 ወይም ከዚያ በላይ የሚሰጠው ጉልበት ሲጠየቅ ሙቀቱ ሁሉ በዚያች ትንሽ ፒስተን ላይ ይከማቻል። ፒስተኑ ትንሽ ሲቀዘቅዝ ብልጭታው በጊዜው መሆን ይችላል።

ሁለተኛው የቦዩ ጤና ነው። የላይኛው ቦይ ሲግል ዘይቱ እዚያው ይጠበስና ካርቦን ሆኖ ይደርቃል፤ ፋሻው ተለጥፎ መንቀሳቀስ ያቅተዋል። አሉሚኒየሙም ከፋሻው ጎን ጋር ይጣበቅና ቅርፊት ቅርፊት እየሆነ ይነሳል፤ ቦዩ ይሻክራል።

ናፍጣ ላይ መንገዱ ትንሽ ይለያል። ብዙ የናፍጣ ፒስተኖች የላይኛው ቦይ ኒኬል በበዛበት ጊዛ ተጠናክሮ ይሠራል። ከሥር ዘይት ይረጫል፤ ፒስተኑ ውስጥም የዘይት መተላለፊያ ይኖራል። ስለዚህ ከፋሻው የሚጠበቀው የሙቀት ድርሻ ያነሰ ነው።

ወደ ጋራዥ ስንመጣ

አገራችን በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከወሰነች ወዲህ ያሉት መኪኖች ረጅም ዕድሜ ይጠበቅባቸዋል። ሞተር ይወርዳል፣ ፋሻ ይቀየራል፣ ሞተሩ ተመልሶ ይሠራል። ይህ እውቀት የሚጠቅመው እዚያ ላይ ነው።

መለዋወጫ ሲገዛ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው የሲሊንደሩ ስፋት ብቻ ነው። ስፋቱ ልክ ሆኖ ብረቱና ልባጡ ግን ሌላ ሊሆን ይችላል። ባለቱርቦው ሞተር ሙቀት በሚያሳልፍ ስቲል ታስቦ ከተሠራ፣ ስፋቱ አንድ የሆነ ተራ ፋሻ ሲገባበት ሞተሩ ይነሳል፣ ይሄዳል፤ ዳገት ላይ ግን ፒስተኑ ከታሰበለት በላይ ይግላል። በሞተሩ ኮድ መግዛት ይሻላል። ክሮም የተለበጠ ፋሻ ክሮም በተለበጠ ግድግዳ ላይ አይገባም፤ ሁለቱ ይበላላሉ። ፋሻው ላይ ነጥብ ወይም ፊደል ካለ ያ ጎን ወደ ላይ ነው።

የፋሻውን አፍ ክፍተት መለካት አይዘለል። ስፋቱ 80 ሚሊ ሜትር የሆነ ሲሊንደር ዙሪያው 251 ሚሊ ሜትር ነው። ፋሻው ከግድግዳው 100 ዲግሪ ቢበልጥ 0.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ክፍተቱ ከዚህ ካነሰ ሁለቱ አፎች ይገጥማሉ፤ ፋሻው መሄጃ ሲያጣ ግድግዳውን ይፈትጋል። ፋሻውን ብቻውን ሲሊንደር ውስጥ አስገብቶ፣ በፒስተኑ ገፍቶ ቀጥ አድርጎ፣ በፊለር ጌጅ (ስስ የብረት ምላሶች ባሉት የክፍተት መለኪያ) መለካት የደቂቃዎች ሥራ ነው። ልኩ የአምራቹ መመሪያ ላይ አለ።

አሮጌው ፒስተን የሚመለስ ከሆነ ቦዩ ውስጥ የጠነከረው ካርቦን ተጠርጎ መውጣት አለበት፤ አሉሚኒየሙ ሳይቧጠጥ። ፋሻው የሚቀዘቅዘው በቦዩ ወለል ላይ ሲያርፍ መሆኑን አይተናል፤ ካርቦን ላይ ካረፈ ሙቀቱ ይታገዳል።

አዲስ የገባ ፋሻ መጀመሪያ ላይ ግድግዳውን የሚነካው በጥቂት ቦታዎች ብቻ ነው። እየተፋተገ ነው ሙሉ ፊቱ የሚገጥመው። እስከዚያ ድረስ ስቲሉ የቱንም ያህል ቢያሳልፍ ሙቀቱ በጠባብ ንክኪ ነው የሚወጣው። ሞተሯ ተሠርቶ ገና ከጋራዥ የወጣች መኪና መጀመሪያ ሳምንቷ ላይ ሙሉ ጭነት ተጭኖባት፣ ነዳጁ እስከ ወለሉ ተረግጦ፣ ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር መውጣት የሌለባት በዚህ ምክንያት ነው።